ድንበር የማይሻገር የአልትራሳውንድ ሪፖርት

ከጅቡቲ ከተማ መሀል 12 ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ባልባላን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሹፌሮቻችን ፔካ 12 የሚሉት ሰፈር አለ። ከኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ ኑሮው ከተሳቢ ጋር የተሳሰረ ሰው ሁሉ ሰፈሩን ያውቀዋል። ጭነት እስኪደርሰው ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ከመኪናው ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ይተኛል፤ ረዳቱ ሽሮ ይጥዳል። በየሻይ ቤቱና በየምግብ ቤቱ ደግሞ ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከወሎ የወረዱ ሴቶች ይሠራሉ፤ ከመካከላቸው እዚያው ዓመታት ያስቆጠሩ አሉ።

የዚህ ሰፈር ጤና ሲነሳ ለረጅም ጊዜ ሲወራ የኖረው ስለ ኤች አይ ቪ ነው። በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ይደገፍ የነበረው የሮድስ ፕሮጀክት ለሹፌሮችና ለነዋሪዎች እዚያ ማዕከል የከፈተውም ለዚሁ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ስለ እብጠት ግን የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። ብብቱ ሥር ያበጠበት፣ አንገቱ ላይ የወጣበት፣ ጡቷ ውስጥ የሚዳሰስ ነገር ያገኘች ሰው ፔካ 12 ላይ ሆና ምን ታደርጋለች? ሹፌሩ «ስመለስ እታያለሁ» ይላል። መመለሱ ከጭነት ጋር ነው፤ አንዱን ሲያራግፍ ሌላው ይጠራዋል። ሴቶቹ ዘንድ ነገሩ ይብሳል። ፈቃድ የሚሰጥ አሠሪ፣ መታወቂያና ገንዘብ አንድ ቀን ላይ ካልተገጣጠሙ ሐኪም ቤት አይኬድም።

ተገጣጥመው ሐኪም ቤት ከተደረሰ መጀመሪያ የሚታዘዘው አልትራሳውንድ ነው፤ ጅቡቲዎች ኤኮግራፊ የሚሉት። ማሽኑ ባለ ከለር ዶፕለር ከሆነ፣ በግራጫው እብጠት ውስጥና ዳር ዳር ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ብልጭ ድርግም ሲል ይታያል። ሪፖርቱ ላይ አንዲት መስመር ትጻፋለች፤ የደም ዝውውሩ ጨምሯል የምትል። ሕመምተኛዋ ያችን መስመር ይዛ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች፤ ካንሰር ነው ተባልኩ ብላ ታድራለች። ወይም በተቃራኒው፣ ምንም ቀለም አልታየም ተብላ ተዝናንታ ትሄዳለች። ሁለቱም መደምደሚያ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

የዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል በጉዳዩ ላይ የያዘው አቋም የሚከተለው ነው። የእብጠትን ደም ሥሮች በዶፕለር አልትራሳውንድ መመርመር በጅቡቲ መስመር ላይ ባሉ የጤና ተቋማት ሁሉ የተለመደ ሥራ መሆን አለበት፤ ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም፣ ከቢላዋና ከመርፌ አደጋ ያድናል። ይሁን እንጂ ቀለሙን ብቻ አይቶ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ማለት መቆም አለበት፤ ያን የሚወስነው ከእብጠቱ የሚወሰድ ናሙና ነው። ምርመራውም በቁጥር ካልተጻፈና ከድንበር ወዲያ ማዶ ያለ ሐኪም ሊያነበው ካልቻለ እንዳልተሠራ ይቆጠር። ማሽን ገዛን ብለው ሪባን የሚቆርጡ ተቋማት የሚለኩት በዚህ ሦስተኛው ነጥብ ነው ብለን እናምናለን።

ለመሆኑ ደም ሥሩን ማየት ለምን አስፈለገ? የቦስተኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1971 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቀረበው ሐሳብ እስከ ዛሬ የዚህ ዘርፍ መሠረት ነው። ዕጢ የራሱን ደም ሥር ካላበቀለ ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ሊያድግ አይችልም፤ ኦክስጅን ከደም ሥር ርቆ ሊደርስ የሚችለው ለጥቂት የሚሊ ሜትር ክፋዮች ብቻ ነውና። ስለዚህ ዕጢው በአካባቢው ያሉትን ደም ሥሮች አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጡ በኬሚካል ይጠራቸዋል። በዚህ ጥሪ የሚበቅሉት ሥሮች ጤነኞቹን አይመስሉም። ይጠማዘዛሉ፣ መሀል ላይ ይቆረጣሉ፣ ደም ቅዳው በቀጥታ ከደም መልሱ ጋር ይገናኛል፤ ግድግዳቸው የሚያጠብና የሚያሰፋ ጡንቻ ስለሌለው ደሙ ያለ ገደብ ይፈስባቸዋል። በፎክማን ሐሳብ መነሻነት ከተሠሩት መድኃኒቶች የመጀመሪያው ቤቫሲዙማብ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2004 ነው፤ ከሐሳቡ 33 ዓመት በኋላ።

ማየቱ የተቻለው በሌላ መንገድ ነው። ፔካ 12 ላይ የቆመ ሰው፣ ጥሩምባውን እየነፋ የሚመጣ ከባድ መኪና ድምፁ ሲቀርብ ቀጥኖ ሲርቅ እንደሚወፍር ያውቃል። ክርስቲያን ዶፕለር ይህን እ.ኤ.አ. በ1842 ፕራግ ላይ በሒሳብ አስቀመጠው። በ1950ዎቹ ጃፓናዊው ሺጌዎ ሳቶሙራ በልብ እንቅስቃሴ ላይ ተጠቀመበት። በ1977 ደግሞ እንግሊዛዊው ፒተር ዌልስና ባልደረቦቹ ከዕጢ የሚመጣ የዶፕለር ድምፅ ካንሰርን ለመለየት ይረዳ እንደሆነ መርምረው አሳተሙ። ቀለሙ የመጣው በ1980ዎቹ ነው፤ ወደ ፕሮቡ፣ ማለትም ቆዳ ላይ ወደሚያርፈው የማሽኑ ጫፍ፣ የሚመጣው ደም አብዛኛውን ጊዜ ቀይ፣ የሚሸሸው ሰማያዊ ሆኖ እንዲታይ። ቀዩ ደም ቅዳ፣ ሰማያዊው ደም መልስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም፣ ቀለሙ የሚናገረው አቅጣጫን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው፤ ብዙው ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው።

ጡት ላይ ያለ እብጠት ሲታይ የባለሙያውን እጅ ተመልከቱ። ጄሉ በስሱ ተቀብቶ ፕሮቡ ከተጫነ፣ ግራጫው ምስል ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ስለዚህ እጅ መጫን ይወዳል። ቀለሙን ሲያበራው ግን ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። እጁን ትንሽ አንሥቶ፣ ጄሉን አወፍሮ፣ ፕሮቡ ቆዳውን እንደነካ ያህል ብቻ ሲያሳርፈው፣ በዚያው እብጠት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ይበራሉ። ያ ሁሉ ጊዜ ነበሩ፤ እጁ ጨፍልቋቸው ነው። የዕጢ ደም ሥር ግድግዳው ስስ ስለሆነ በጣት ግፊት ይዘጋል። ይህን ያልተማረ እጅ ትልቅ ካንሰር ላይ ተጭኖ «ደም ዝውውር የለውም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ማሽኑ ላይ የሚስተካከለው የፍጥነት ልክ ነው። ድምፅ በሰው ሥጋ ውስጥ በሴኮንድ 1540 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ5 ሜጋኸርዝ ፕሮብ በሴኮንድ 5 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ደም ቢታይ፣ ደሙ በቀጥታ ወደ ፕሮቡ የሚመጣ ከሆነ የድምፁ ለውጥ ወደ 325 ኸርዝ ነው። ደም ሥሩ በ60 ዲግሪ ያዘመመ ከሆነ ለውጡ በግማሽ ቀንሶ ወደ 160 ይወርዳል። በ90 ዲግሪ ከተጋደመ ደግሞ ከናካቴው ይጠፋል። ማሽኑ የግድግዳ እንቅስቃሴን ለማጥፋት የሚጠቀምበት ማጣሪያ 200 ኸርዝ ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ ያ ያዘመመው ደም ሥር ቢኖርም አይታይም። ማሽኑ ጠዋት የአንገት ትልቁን ደም ቅዳ ሲያይ ቆይቶ፣ ልኩ ሳይቀየር ከሰዓት በኋላ ለእንቁላል ከረጢት ዕጢ ከዋለ የሚሆነው ይኸው ነው። የእንቁላል ከረጢት ዕጢን በሚመለከት የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ባለሙያው የፍጥነቱን ልክ በሴኮንድ ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲያደርግ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ሪፖርት ላይ ይህን ልክ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ?

ሦስተኛው ፕሮቡ ራሱ ነው። ባለፉት ዓመታት በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ለነፍሰ ጡሮች የአልትራሳውንድ አገልግሎት እየተስፋፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንድትታይ መምከሩ ረድቷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ለጽንስ የሚያገለግለው ደጋን መሰል ፕሮብ ጥልቀት ለማየት የተሠራ፣ የድምፁ ድግግሞሽ ዝቅተኛ የሆነ ነው። ለጡት፣ ለአንገትና ለብብት የሚያስፈልገው ቀጥ ያለው፣ ከ7 ሜጋኸርዝ በላይ የሆነው ፕሮብ ነው። ማሽኑ አንድ ሆኖ ፕሮቡ ካልተገዛ፣ ዶፕለር አለን ማለት ለጡት እብጠት ምንም አይፈይድም። ግዥ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ማሽን ሲቆጥሩ ፕሮብ የማይቆጥሩበት አሠራር በዚህ ዝግጅት ክፍል እይታ ብክነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እጁም ልኩም ፕሮቡም ትክክል ሆነ እንበል። ቀለሙም በዛ። ካንሰር ነው ማለት ነው? በእኛ አካባቢ ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚያወሳስበው የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነው የንፍፊት ቲቢ ነው። ኢትዮጵያም ጅቡቲም ቲቢ የበዛባቸው አገሮች ናቸው፤ አንገት ላይ ያበጠ ንፍፊት ይዞ የሚመጣ ወጣት ሹፌር ቲቢ፣ ሊምፎማ ወይም ከሌላ ቦታ የተዛመተ ካንሰር ሊኖረው ይችላል። ዶፕለር እዚህ ላይ ፍንጭ ይሰጣል። በቀላል ኢንፌክሽን ያበጠ ንፍፊት ደሙን በመግቢያው በኩል ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያከፋፍላል፤ በካንሰር የተወረረው ብዙ ጊዜ ዳር ዳሩን አዲስ ደም ሥር ያበቅላል፤ በቲቢ የበሰበሰው መሀሉ ባዶ ይሆናል። ጥሩ ፍንጭ ነው። ግን ቲቢውም ዳሩ ሲቀላ ይታያል፣ ካንሰሩም መሀሉ ሲበሰብስ ይታያል። የቀለሙን ቅርጽ ብቻ አይቶ የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት የጀመረ፣ ወይም ካንሰር ነው ብሎ ቤተሰብ ያስለቀሰ ሐኪም ሁለቱም ያለ ማስረጃ ነው የሄዱት።

የምታጠባ እናት ጡቷ በማስታይተስ ሲቆጣ ስክሪኑ በቀይ ይሞላል፤ ካንሰር አይደለም። በወጣት ሴቶች ላይ የሚበዛው ፋይብሮአዴኖማ አንዳንዴ ደም ሥሩ ብዙ ነው፤ ካንሰር አይደለም። ጉበት ላይ ያለ ሄማንጂዮማ የደም ሥሮች ጥርቅም ሆኖ ሳለ፣ ደሙ እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚንቀሳቀስ ዶፕለር ላይ ብዙ ጊዜ ጨለማ ነው። በደም የተሞላው ባዶ መስሎ ይታያል ማለት ነው። በዚህ ላይ ደረቅና ጠባሳ የበዛበት የጡት ካንሰር ደግሞ ቀለሙ አነስተኛ ሊሆን ይችላል።

የሕክምናው ዓለም ራሱ ይህን የተማረው ተሞኝቶ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የእንቁላል ከረጢት ዕጢ ውስጥ ያለውን ደም ፍሰት ለክቶ፣ ደም ሥሩ ለፍሰቱ ያለውን መቋቋም የሚያሳየው መለኪያ ከ0.4 በታች ከሆነ ካንሰር ነው የሚል ተስፋ ገንኖ ነበር። አንዲት ቁጥር፣ አንድ ፍርድ። ጥናቱ በሌሎች እጅ ሲደገም የካንሰሩም የጤነኛውም ቁጥር ተደበላለቀ፤ ከወር አበባ ዑደት አጋማሽ በኋላ የሚፈጠረው ተራ ኮርፐስ ሉቲየም ጭምር ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣልና። ዓለም አቀፉ የእንቁላል ከረጢት ዕጢ ትንተና ቡድን በ2008 ባወጣው ቀላል ሕግ ውስጥ ደም ፍሰት ቦታውን አላጣም፤ ፈጽሞ ፍሰት አለመኖር ከደህና ምልክቶች አንዱ፣ እጅግ ብርቱ ፍሰት ከአደገኛ ምልክቶች አንዱ ተደርጓል። ግን ከአሥሩ ምልክቶች ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ስለ ቅርጽ፣ ስለ ጠጣር ክፍል፣ ስለ ሆድ ውኃ ናቸው። የእንቅርቱ ፍርድ ከዚህም ይብሳል። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ2017 ያወጣው የታይሮይድ ነጥብ አሰጣጥ ዶፕለርን ከናካቴው አልጨመረውም። እንቅርት በበዛበት በእኛ አገር፣ ከተሞቻችን ውስጥ «ከለር ዶፕለር አለን» የሚል ማስታወቂያ በየክሊኒኩ በር ላይ ሲለጠፍ ይህን ማስታወስ አይከፋም።

ታዲያ ዶፕለሩ የሚጠቅመው የት ላይ ነው? ብዙ ቦታ ላይ ነው፤ ነገር ግን ከሚታሰበው በተለየ መንገድ።

ከሁሉ ቀድሞ ከመርፌና ከቢላዋ በፊት። አንገት ወይም ብሽሽት ላይ የሚገኝ እብጠት መግል መስሏቸው የሚወጉ ሰዎች አሉ፤ ውስጡ ግን የተነፋ ደም ቅዳ ሊሆን ይችላል። አንድ ደቂቃ ቀለሙን ማብራት ደም አፍስሶ ከመሞት ያድናል። ናሙና የሚወስድ ሐኪምም መርፌውን ከትልቁ ሥር አርቆ፣ ሕይወት ካለው የዕጢው ክፍል ላይ እንዲያሳርፍ ቀለሙ ይመራዋል፤ ደም የማይደርስበት የበሰበሰ ቦታ ላይ ከወጋ ፓቶሎጂስቱ ሙት ሥጋ ብቻ ነው የሚያገኘው፣ መልሱም «ድጋሚ ናሙና ይላክ» ይሆናል። በውኃ ከረጢት ውስጥ ያለ ጠጣር ነገር የረጋ ደም ይሁን ሕይወት ያለው ዕጢ ለመለየትም ቀለሙ ይረዳል። ፍሰት ካለ ሕይወት አለው። ፍሰት አለመታየቱ ግን የረጋ ደም ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከዚያ ሕክምናውን መከታተል አለ። የኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ሕሙማን አብዛኞቹ በሽታው ከገፋ በኋላ ስለሚመጡ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞቴራፒ መስጠት የተለመደ ሆኗል። ዕጢው በሴንቲ ሜትር ከመቀነሱ በፊት ደም ሥሩ ሊደርቅ ይችላል። ፈረንሳዮች በዚህ ላይ ከባድ ሥራ ሠርተዋል። በ2014 የታተመው፣ ከ500 በላይ ሕሙማንን በ19 ማዕከላት የተከታተለው ጥናት፣ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎችን በደም ሥር እየሰጠ በአልትራሳውንድ የዕጢውን ደም ለካ፤ በመጀመሪያው ወር ደሙ ከ40 በመቶ በላይ የቀነሰላቸው ሕሙማን በሽታው ሳይገፋባቸው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። አረፋዎቹ ከቀይ የደም ሴል የማይበልጡ ስለሆኑ ከደም ሥር አይወጡም፣ ኩላሊትንም አይጎዱም፤ በትንፋሽ ይወጣሉ። ሄፓታይተስ ቢ በበዛበት አካባቢያችን የጉበት ካንሰርን ለመለየት ከማንኛውም ቀለም በላይ የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው። የጉበት ካንሰር ደሙን ከደም ቅዳ ስለሚቀበል፣ አረፋው ከደረሰ በኋላ ባሉት ሴኮንዶች ከጤነኛው ጉበት ቀድሞ ይበራል፣ ቆይቶ ይደበዝዛል። ይህ መድኃኒት በእኛ የግዥ ዝርዝር ውስጥ ቀዳሚ እንዲሆን አንጠይቅም፤ ቀጥ ያለ ፕሮብ ሳይገዛ አረፋ መግዛት ቅደም ተከተል ማጣት ነው።

አሁን ወደ ሪፖርቱ። ፔካ 12 ላይ ሆና ጡቷን የታየች ኢትዮጵያዊት ወረቀቷ በፈረንሳይኛ ነው። ድሬዳዋ ድል ጮራ ወይም የካንሰር ማዕከል ያለው የሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትደርስ፣ የሚቀበላት ሐኪም የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። በወረቀቱ ላይ ቁጥር ካለ፣ ርዝመት 23 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ማንም ያነባል። «የደም ዝውውሩ መጠነኛ ነው» የምትለዋ የፈረንሳይኛ ሐረግ ግን ተርጓሚ ትፈልጋለች፤ ተርጓሚ ቢገኝም መጠነኛ ማለት ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ሐኪሙ እንደገና አልትራሳውንድ ያዝዛል። እንደገና ይከፈላል። ከሦስት ወር በፊት ዕጢው ስንት ደም ሥር እንደነበረው፣ አሁን ጨመረ ወይ ቀነሰ የሚለው፣ ዶፕለሩ ሊሰጥ ይችል የነበረው ትልቁ መረጃ፣ ይጠፋል።

የዚህ ችግር መድኃኒት ውድ አይደለም። የእንቁላል ከረጢቱ ቡድን የቀለም ነጥብ ከ1 እስከ 4 አለው፤ 1 ምንም ፍሰት የለም፣ 4 እጅግ ብርቱ ፍሰት። ለጡት ደግሞ አድለርና ባልደረቦቿ በ1990 ያወጡት ከ0 እስከ 3 የሚሄድ ደረጃ አለ፤ ደም ሥር በመቁጠር የሚሰጥ። የትኛውም ቢመረጥ፣ ስሙ ከቁጥሩ ጋር ይጻፍ፤ አለበለዚያ የአንዱ 3 ከሌላው 3 ጋር ይምታታል። ከዚህ ጋር ደም ሥሩ ከውስጥ ወይም ከዳር መሆኑ፣ የፕሮቡ ሜጋኸርዝ፣ የፍጥነቱ ልክ፣ ናሙና መወሰድ አለመወሰዱ። አንድ ገጽ፣ ግማሹ በፈረንሳይኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ የታተመ፣ መሀሉ ቁጥር ብቻ የሚሞላበት። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርና የጅቡቲ ጤና ሚኒስቴር በአንድ ስብሰባ ሊስማሙበት የሚችሉት ነገር ነው፤ ሁለቱ አገሮች በመብራት መስመር ተገናኝተው ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ጅቡቲ ድረስ ይሄዳል፣ አንድ ገጽ ቅጽ ከዚያ አይከብድም።

ራዲዮሎጂስቶች ጊዜ የለንም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በር ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ አይከራከራቸውም። ግን እኛ የምንጠይቀው ተጨማሪ ምርመራ አይደለም፤ የተሠራው ምርመራ በቁጥር እንዲጻፍ ነው። ሙሉ አረፍተ ነገር ከመጻፍ ቁጥር መክበብ ይፈጥናል። ደግሞም ያለ ራዲዮሎጂስት ዶፕለር የሚያነሱ ነርሶችና አዋላጆች በየቦታው እየበዙ ነው፤ ከስልክ ጋር የሚገናኙ ትንንሽ ማሽኖች ሲረክሱ ይበዛሉም። ለእነሱ ቅጹ ከሐኪሙ በላይ ያስፈልጋቸዋል፣ እጅ አለመጫንንና ልክ ዝቅ ማድረግን በየቀኑ የሚያስታውሳቸው እሱ ነውና። ጥያቄ ሲገጥማቸው ምስሉን ለሚጠይቁት ራዲዮሎጂስት ሲልኩም ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል።

በ2020 በተሠራው የዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመት ከ77 ሺህ በላይ አዲስ የካንሰር ሕሙማን ይኖራሉ፤ ከ16 ሺህ በላይ የሚሆኑት የጡት ናቸው። ይህ ግምት ራሱ የተመሠረተበት መረጃ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ነው፤ በ2011 የተቋቋመው የከተማዋ የካንሰር መዝገብ ዋነኛው ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። በፔካ 12 ዓመታት የኖረች ሴት በየትኛው መዝገብ ትቆጠራለች? በአዲስ አበባው አይደለም። ጅቡቲም የውጭ ዜጋ ናት ትላለች። ለረጅም ዓመታት የኢትዮጵያ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ክፍል የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ ከመጣች ደግሞ ዕጢው ቆዳዋን አፈንድቶ ነው የምትመጣው፤ ያኔ ዶፕለር የሚጨምረው ነገር የለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይቀየር። እብጠት ይዛ የመጣችው ሴት ፔካ 12 ላይ ወይም ባልባላ ላይ ባለው የቅርብ ተቋም ትመርመር፣ ቀለሙም በቁጥር ይጻፍ፤ ቀለሙ ብዙ ሆነ አነሰ፣ ጠጣር እብጠት ከሆነ ናሙናው እዚያው ይወሰድ። የሚጓዘው ናሙናው ይሁን፤ እሷ ሥራዋ ላይ ትቆይ። በፎርማሊን ጠርሙስ የገባ የዕጢ ቁራጭ በመንገድ አይበላሽም፤ በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ስም፣ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የሚያደርሰውም ከጅቡቲው የናጋድ ጣቢያ ተነሥቶ ድሬዳዋን የሚያልፈው ባቡር አለ። ቀሪው ሥራ የጉምሩክ ነው፤ ፎርማሊን አደገኛ ኬሚካል ተብሎ ድንበር ላይ እንዳይያዝ አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ይፈልጋል። ጉዞውም በጊዜ የተገደበ ነው፤ የጡት ናሙና ለሆርሞን ተቀባይ ምርመራ እንዲበቃ በፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት። ሁለቱ መንግሥታት ፈቃዱን ሲጽፉ ይህን ሰዓት በወረቀቱ ላይ ያስፍሩት።